ባስ ጊታር በትንሽ ክፍል ሲቀረጽ አንዱ ኖታ ይጮኻል፣ ሌላው ይጠፋል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ባሶ_ከሽምብጥ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። እኔና የባንድ ጓደኞቼ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ በተከራየነው ቤት ውስጥ አንዷን ክፍል ለቀረጻ አመቻችተን፣ በጊታር፣ በባስ፣ በክራርና በከበሮ የሠራናቸውን የራሳችንን ዜማዎች መቅረጽ ጀምረናል። ክፍሏ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ስትሆን ኮርኒሷ ከወለሉ 2.8 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ያሉን ዕቃዎች ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የሚገናኝ አነስተኛ ሚክሰር፣ አንድ የባስ አምፕ፣ ለልምምድ የምንጠቀምበት ትንሽ የጊታር አምፕ፣ አንድ ኤስኤም57 ማይክ፣ ሁለት ስፒከሮችና አንድ ሄድፎን ናቸው።

ያስቸገሩን ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ በባሱ የኢ ክር ላይ 1ኛው ፍሬት (ኤፍ) እና 3ኛው ፍሬት (ጂ) ክፍሉን ሲያናውጡ፣ ክፍቱ ኤ ግን የለም እስኪባል ድረስ ይሳሳል። ግራ የሚያጋባው ግን ግድግዳውን ተደግፌ ስሰማ የሚያናውጠኝ ጂ፣ ወንበሬን ወደ ክፍሉ መካከል ስስብ ተመልሶ መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ስንሰካው ጋቢ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጠናል፤ ባሱ ግን በዚያው ቀዳዳ ሲገባ እንዲህ አይታፈንም። ሦስተኛው፣ ማንም ሳይጫወት እንኳ የማያቋርጥ የሀም (ከኤሌክትሪክ የሚመጣ «እምም» የሚል) ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ወዳጆች የተሻለ ማይክ እንድንገዛ፣ ሌሎች ደግሞ ግድግዳውን በስፖንጅ እንድንሸፍን መክረውናል፤ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የእናንተን አስተያየት ብንሰማ እንመርጣለን።

የድሮ_ጊታሪስት፦

ወንድሜ ባሶ፣ ጉዳዩን በዝርዝር ስላቀረብከው ለመመለስ ይመቻል። እኔ የምጀምረው ከማይኩም ከክፍሉም ሳይሆን ከክሩ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ የሰማኋቸው አብዛኞቹ የባስ ቀረጻዎች የተበላሹት ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት ነው። የባስ ክር እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝና ሰው ከአዲስ አበባ እስኪልክልን ስለምንጠብቅ፣ የሞተ ክር ይዘን ወደ ቀረጻ እንገባለን። የሞተ ክር የላይኛውን ድምፅ ያጣል፤ ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውና የሚቀንሰው መቆጣጠሪያ) ደግሞ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። አዲስ ክር እስኪመጣ ድረስ ያለውን አውልቆ በንጹህ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል መቀቀልና በደንብ አድርቆ መልሶ መግጠም ለተወሰነ ጊዜ ሕይወት ይሰጠዋል። የሚቆየው አጭር ጊዜ ስለሆነ የቀረጻው ዕለት ወይም ዋዜማው ላይ ማድረግ ይሻላል።

ቀጥሎ የፒክ አፑን (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) ቁመት ተመልከት። በኢ ክር ላይ ያሉት ኖታዎች ሁሉ ከሌሎቹ ክሮች የሚጎሉ ከሆነ ፒክ አፑን በኢ በኩል ባለው ብሎን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው። አንተ እንደገለጽከው ኤፍ እና ጂ ብቻ ተለይተው የሚጮኹ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፒክ አፑ አይመስለኝም፤ እሱን ለሚያውቁት እተዋለሁ።

ስለ እጅም አንድ ነገር ልጨምር። በችክችካ ምት ላይ የባስ ኖታ የሚያልቅበት ቦታ ከሚጀምርበት ቦታ ባላነሰ ወሳኝ ነው። የግራ እጅህ ጣት ክሩን በጊዜው ካላፈነው የአንዱ ኖታ ጭራ በሚቀጥለው ላይ እየተደረበ ከበሮውን ይሸፍነዋል፤ አድማጩም «ባሱ በዛ» ይላል እንጂ «ኖታው ረዘመ» አይልም። የቀኝ እጅህን ወደ ብሪጁ ስታቀርብ ድምፁ ቀጠን ብሎ ይጠራል፣ ወደ አንገቱ ስትወስደው ይወፍራል። ዘፈኑ በሙሉ በአንድ ቦታ ላይ በተቀመጠ እጅ ቢመታ ግማሹ የሚክሲንግ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የፖሊ_ኤሌክትሪካል፦

ጋሼ በመጨረሻ የተዉልንን እኔ ልቀጥል። የኤፍ እና የጂ ጉዳይ ከክፍሉ ስፋት ጋር የተያያዘ መሆኑን ባሶ ራሱ በሰጠን ልኬት ማረጋገጥ ይቻላል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ድምፅ እየተንጸባረቀ የሚቆምበትን ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚርገበገብበትን ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካ) ለማግኘት ይህን ፍጥነት በርቀቱ እጥፍ ማካፈል ነው። ለ4 ሜትር 43 ኸርዝ፣ ለ3.5 ሜትር 49 ኸርዝ፣ ለ2.8 ሜትር ቁመት ደግሞ 61 ኸርዝ ይመጣል። አሁን የባሱን ኖታዎች ተመልከቱ፤ ክፍቱ ኢ 41.2፣ ኤፍ 43.7፣ ጂ 49፣ ክፍቱ ኤ 55 ኸርዝ ነው። ኤፍ እና ጂ በሁለቱ የክፍሉ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ሲያርፉ፣ ኤ ግን በ49 እና በ61 መካከል የሚደግፈው አጥቶ ይቀራል።

ግድግዳው አጠገብ የሚያናውጠው ጂ መካከል ላይ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለው የቆመ ሞገድ ግፊቱ ግድግዳው ላይ ከፍተኛ፣ የርቀቱ እኩሌታ ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ይሆናል። ስለዚህ ባሱ በኬብል በቀጥታ ሚክሰሩ ውስጥ ከገባ፣ የተቀረጸው ፋይል ይህን ክፍል ጨርሶ አልነካውም። በሄድፎን አዳምጡት፤ ኖታዎቹ በሄድፎን ከተስተካከሉ ቀረጻው ደህና ነው፣ የሚያሳስታችሁ የምታዳምጡበት ቦታ ነው። አደጋው ያለው ክፍሉ ስለጮኸ ብላችሁ ጂን በኢኪው የቀነሳችሁ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ዘፈኑ በሌላ ሰው ስፒከር ሲከፈት ጂው ባዶ ሆኖ ይሰማል።

የስፖንጁን ምክር በተመለከተ፣ ስስ ስፖንጅም ሆነ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ለባስ ምንም አይፈይድም። የ49 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የ5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ላይኛውን ድምፅ ብቻ ስለሚበላ ክፍሉን ይብሱን ጨለማና ባስ የበዛበት ያደርገዋል። ገንዘቡ ካለ ወፋፍራም የጥጥ ፍራሾችን በክፍሉ ማዕዘኖች ከወለል እስከ ኮርኒስ ማቆም የተሻለ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ መጠነኛ ለውጥ ነው የሚያመጡት። ነጻው መፍትሔ ስፒከሮቹን በአጭሩ ግድግዳ በኩል አድርጎ በ4 ሜትሩ አቅጣጫ መቀመጥ፣ ጆሮንም ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 1.5 ሜትር ያህል ላይ ማሳረፍ ነው። ከግድግዳውም ከመካከሉም የራቀ ቦታ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የቺፕውድ ኮርኒስና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ለዚህ ከኮንዶሚኒየም ይሻላል፤ ዝቅተኛው ድምፅ በኮርኒሱ በኩል ሾልኮ ይወጣልና። ጎረቤት ግን ላይስማማ ይችላል።

ዝምተኛ_አድማጭ፦

የባሕር ዳር ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ከቆላው የሳሳ ነው። ታዲያ በ343 የተሠራው ስሌት እዚህ አይዛባም?

የፖሊ_ኤሌክትሪካል፦

አይዛባም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊትና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ የድምፅ ፍጥነት አይለወጥም፤ የሚለውጠው የሙቀት መጠን ነው። በ25 ዲግሪ 346 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ የክፍሉን 49 ኸርዝ ወደ 49.4 ኸርዝ ያህል ቢገፋው ነው።

ሚክሰኛው፦

ስለ ጊታሩ መታፈን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልግባበት። የኤሌክትሪክ ጊታር ተራ ፒክ አፕ የሚሰካበት ቀዳዳ 1 ሜጋ ኦህም አካባቢ የሆነ የግብዓት መከላከያ (ኢምፒዳንስ፣ ቀዳዳው ለሚገባው ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ይፈልጋል። የሚክሰር የላይን ቀዳዳ ግን ብዙውን ጊዜ በአሥር ሺዎች ኦህም የሚቆጠር ሲሆን የማይክ ቀዳዳው ከዚያም ያነሰ ነው። ጊታሩ በዚህ ላይ ሲሰካ ከላይኛው ድምፅ ብዙው እዚያው ይቀራል። ባሱ ያልታፈነው የ9 ቮልት ባትሪና የራሱ ማጉያ ያለው አክቲቭ ባስ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፤ ባሶ፣ እስቲ ከኋላው ያለውን ክዳን ተመልከት።

መፍትሔው የግድ አዲስ ሳውንድ ካርድ መግዛት አይደለም። «ኢንስትሩመንት» የሚል ቁልፍ ያለው ካርድ ወይም ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከሚክሰር ጋር የሚያጣጥም ትንሽ ሣጥን) ቢኖር መልካም ነው። እሱ ከሌለ ግን በጊታሩና በሚክሰሩ መካከል ባፈር (ምልክቱ እንዳይዳከም የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት) ያለው ፔዳል ማስገባት ይበቃል፤ አብዛኞቹ የቦስ ፔዳሎች ኤፌክቱ ጠፍቶ እንኳ ምልክቱን በባፈር ያሳልፋሉ። ከጊታሩ እስከ ፔዳሉ ያለው ኬብልም ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ኬብል ሲረዝም እሱም ላይኛውን ድምፅ ይበላል።

እንዲህም ሆኖ ለጊታር እኔ የምመርጠው ያችን ትንሽ አምፕ ነው። አምፗን ከወለሉ አንሥታችሁ ወንበር ላይ አስቀምጧት፤ ሴራሚክ ላይ ስትቀመጥ ከወለሉ የሚመለሰው ድምፅ ድምጿን ያበላሽባታል። ከዚያ የስልካችሁን መብራት በአምፑ ጨርቅ ላይ አስጠግታችሁ አብሩ፤ ከጨርቁ ጀርባ የስፒከሩ ወረቀትና መካከሉ ላይ ያለችው ክብ ቆብ ትታያለች። ማይኩን ከጨርቁ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ በቆቧ ጠርዝ ትይዩ አቁሙት። ወደ ቆቧ መካከል ሲሄድ ድምፁ ይሰላል፣ ወደ ወረቀቱ ዳር ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ወደ ጨርቁ ሲጠጋ ደግሞ ታችኛው ድምፅ ይወፍራል። አንዱ ይጫወት፣ ሌላው ማይኩን በጣት ስፋት ልክ ያንቀሳቅስ፣ ሦስተኛው በሌላ ክፍል ሆኖ በሄድፎን ያዳምጥ። በዚህ መንገድ የተገኘ አንድ ጥሩ ቦታ በኋላ በኢኪው ከሚደረግ ብዙ ሥራ ይበልጣል። ኤስኤም57 ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ማይክ ነው፤ በትላልቅ ስቱዲዮዎችም በጊታር አምፕ ፊት የሚቆመው እሱው ስለሆነ ሌላ ማይክ ፍለጋ አትድከሙ።

ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ኤፌክት) መድረክ ላይ ከምትጠቀሙበት ግማሽ ያህል ቀንሱት። ወፍራም ጊታር ከተፈለገ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱን ቀረጻ ኮፒ አድርጎ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ግን ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያሰፋውም። የመቅረጫውን መጠን በ24 ቢት አድርጉና ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ ተዉት፤ ቀዩን መብራት መጠጋት የሚያስገኘው ትርፍ የለም።

ክራር_በጣት፦

ሚክሰኛው ስለ ዲስቶርሽን ያነሡትን ከቅኝት አንጻር ላጠናክረው። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ጊታሩ ሁለት ክር አንድ ላይ ቢመታም ዲስቶርሽኑ ይታገሠዋል። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ግን በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ ኖታዎች አሉ፤ እነዚህ አብረው በዲስቶርሽን ውስጥ ሲያልፉ እርስ በርስ እየተጋጩ በዜማው ውስጥ የሌሉ ድምፆችን ይወልዳሉ። በእነዚህ ቅኝቶች ጊታሪስቱ አንድ አንድ ክር ቢመታ ወይም ድምፁን ንጹህ አድርጎ ቢቀርጸው እመርጣለሁ።

መቃኘትንም ማንም አላነሣም። ክራሩ በድምፃዊቷ ልክ በጆሮ ከተቃኘ ከ440 ኸርዙ የመቃኛ መለኪያ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ጊታሩና ባሱ በቱነር ተስተካክለው ክራሩ ሲገባባቸው ሁሉም ልክ ሆኖ ሳለ ሁሉም የተዛባ ይመስላል። ወይ ክራሩ አስቀድሞ በቱነር ይቃኝ፣ ወይም የቱነሩ መለኪያ በክራሩ ልክ ይቀየር። ባሱም በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰጠው ኖታ ከክፍቱ ክር ጋር በትክክል በኦክታቭ መግጠሙ ይታይ።

የፖሊ_ኤሌክትሪካል፦

ሀሙ ቀርቶ ነበርና ወደ እሱ ልመለስ። የእኛ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሀሙም በ50፣ በ100፣ በ150 እያለ ይወጣል። ጂ 49 ኸርዝ መሆኑን አትርሱ፤ ሀሙን በኢኪው ለመቁረጥ የሚሞክር ሰው ጂንም አብሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከምንጩ መፈለግ ይሻላል።

ፍለጋው ቀላል ነው። ጊታሩን እንደያዛችሁ በቦታችሁ ዙሩ፤ ሀሙ ከአቅጣጫችሁ ጋር ከተለዋወጠ የሚገባው በፒክ አፑ በኩል ነው። ከስታቢላይዘሩ፣ ከቴሌቪዥኑና ከአምፑ ትራንስፎርመር ራቁ፤ ፒክ አፑ ነጠላ ኮይል (አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያለው) ከሆነ ሁለቱን ፒክ አፖች አንድ ላይ መክፈት በብዙ ጊታሮች ላይ ይቀንሰዋል። ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ከሆነ ችግሩ የጊታሩ ውስጥ ሽፋን ወይም የቤቱ ኤርዝ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ስትነቅሉ ከጠፋ ደግሞ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ወይም በሁለት መንገድ የሚዞረው ኤርዝ ነው፤ በባትሪ ቅረጹ፣ ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ከአንድ ሶኬት በወጣ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቧቸው። ሀሙን ለማጥፋት ብላችሁ የአምፑን የኤርዝ እግር እንዳትቆርጡ አደራ፤ አንድ እጅ ክር ላይ ሆኖ ከንፈር ማይክ ሲነካ ሰው ሊሞት ይችላል። የቤቱ ኤርዝ መኖሩንም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ፤ በብዙ የኪራይ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ለመልክ ብቻ ነው ያለው።

መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሀም ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ ባትሪ ካለውና ሚክሰሩ ወይም ካርዱ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ከሆነ፣ ለነጠላ ኮይል ጊታር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

የድሮ_ጊታሪስት፦

የልጆቹን ምክር በደስታ ተቀብያለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ባስን በኬብል ብቻ ቀርጾ ማለፍ ድምፁን ደም አልባ ያደርገዋል። የአምፑ ስፒከር አየር ሲገፋ የሚመጣው ነገር በኬብል ውስጥ የለም።

ሚክሰኛው፦

ጋሼ፣ የሚሉት ነገር እውነትነት አለው፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ግን አምፑ የሚገፋው አየር በ43 እና በ49 ኸርዝ የተዛባ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀረጹ የሚል ሐሳብ አለኝ። ባሱ በኬብል ወደ ሚክሰሩ ይግባ፣ ማይኩም በአምፑ ስፒከር አጠገብ ይቁም፤ ሚክሰሩ ሁለቱን መስመሮች በዩኤስቢ ለየብቻ የሚልክ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በሚክሲንግ ጊዜ ታችኛው ድምፅ ከኬብሉ ይወሰድ፤ የማይኩ ቀረጻ ከ150 ኸርዝ በታች ተቆርጦ ጥርሱና ጭረቱ ብቻ ይጨመርበት። ክፍሉ የሚያበላሸው ታችኛውን ስለሆነ፣ ያ ተቆርጦ ሲወጣ እርስዎ የሚወዱት ነገር ይቀራል።

ድምፅ ከስፒከሩ እስከ ማይኩ ለመድረስ ጊዜ እንደሚወስድ ግን ይታሰብ፤ 34 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል። ሁለቱ ሞገዶች በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተጎልተው ሲታዩ የማይኩ ወደ ኋላ ከቀረ ጎትቶ ማጋጠም ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ከወረደ ደግሞ የፖላሪቲ ቁልፉ ይገልበጥ። ድምፁ በድንገት ከወፈረ ትክክለኛው እሱ ነው።

ባሶ_ከሽምብጥ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ባሱ አክቲቭ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ባትሪው ከኋላ አለ። በሄድፎን ሲሰማ ጂ እና ኤ ተቀራራቢ ናቸው፤ ኤፍ ብቻ ትንሽ ጎላ ይላል። ስፒከሮቹን አዙረን ወንበሩን በተባለው ቦታ ካደረግን በኋላ ክፍት ኤ መሰማት ጀምሯል። ሀሙም በአብዛኛው ከቻርጀሩ ነበር። ለጊታሩ ከጓደኛችን የተዋስነው ፔዳል መካከል ላይ ሲገባ ልዩነቱ ወዲያው ተሰምቷል። ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩኛል። በሄድፎን የሚሰማው ባስ በስልክ ሲከፈት ጨርሶ ይጠፋል፤ በባጃጅ ስፒከር ሲከፈት ደግሞ ከበሮውን ይውጠዋል። ሰኔ ሲገባስ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቀረጻውን እንዴት እናድርገው?

ሚክሰኛው፦

የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝን ቀርቶ 150 ኸርዝን እንኳ በወጉ አያወጣም፤ በስልክ የሚሰማው ባስ የላይኛው ተከታይ ድምፁ ሲሆን ጆሮ ከእሱ ተነሥቶ የታችኛውን ራሱ ይገምታል። ስለዚህ የባሱን ትራክ ኮፒ አድርገህ በኮፒው ላይ ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን ጨምር፤ ከ250 ኸርዝ በታች ቁረጠውና ከዋናው በታች በዝግታ ቀላቅለው። ለብቻው ሲሰማ አስቀያሚ ይሆናል፣ በዘፈኑ ውስጥ ግን ባሱ በስልክም ይገኛል።

ለባጃጁ ደግሞ ባሱን ከ30 ኸርዝ በታች፣ ጊታሩን ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ባለው በታች ቁረጣቸው። በባሱ ላይ 4 ለ 1 የሆነ ኮምፕረሰር (ከመጠን በላይ የጎላውን ድምፅ የሚቀንስ ኤፌክት) አድርግና ጅማሬው 30 ሚሊ ሰከንድ ይሁን፤ የጣትህ ምት ሳይጎዳ ያልፋል፣ ጭራው ብቻ ይያዛል። ሲጎላ ከ4 እስከ 6 ዲሲቤል ቢቀንስ ይበቃል። ከበሮውና ባሱ የሚጋጩበትን ቦታ በመፈለግ ከሁለቱ አንዱ ብቻ እዚያ እንዲጎላ ወስን። እኔ ብሆን በዝግታ ዜማ ለባሱ፣ በችክችካ ለከበሮው እተወዋለሁ።

ክራር_በጣት፦

ስለ ክረምቱ እኔ ልመልስ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ በማይክ የሚቀረጹትን ክራር፣ ድምፅ፣ ከበሮና አኩስቲክ ጊታር ለጠዋቱ መድቡ፤ የሐይቁ ወፎች ከነጋ በኋላ ትንሽ ጋብ እስኪሉ ጠብቁ። ባስና ኤሌክትሪክ ጊታር በኬብል ሲገቡ ቆርቆሮው ቢንጫጫም ግድ የለም፤ ለዝናቡ ሰዓት የሚቀሩት እነሱ ናቸው። የጊታሩ አምፕ በኋላ ይደረስበታል፤ በኬብል የተቀረጸውን ጊታር ጸጥ ባለ ጠዋት ወደ አምፑ መልሶ ልኮ በማይክ መቅረጽ ይቻላልና።

አኩስቲክ ጊታሩን ግን በክረምት በሳጥኑ ውስጥ አኑሩት። እርጥበቱ ሲበዛ የፊቱ እንጨት አብጦ ክሩን ከፍሬቱ ያርቀዋል፤ ድምፁም ይደነዝዛል። ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለው እርጥበት ይስማማዋል። መለኪያ ከሌላችሁ በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት አሁን በበጋው ለክታችሁ መዝግቡ፤ ሐምሌ ላይ ያ ክፍተት ሰፍቶ ከተገኘ፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ጊታሩ ደረቅ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀናት ይቆይ።